እጅ የምታነሳው ጓንት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ! ብሎ ጮኸ። ባባ ጋዝ የፈነዳ መስሎት በሌሊት ልብሱ እየሮጠ ወረደ። ማዳም ልጆቿን ሰብስባ ግቢ አወጣቻቸው። እኔም ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ካለችው ክፍሌ ወጥቼ በጨለማ ቆምኩ። ምን እንደተፈጠረ ከሁሉም ቀድሞ የገባኝ ግን ለእኔ ነበር። መብራት ሲበራ ጥፋተኛው ታወቀ። በለበን ጠርሙስ አጥብቄ ከድኜ ከማቀዝቀዣው ጀርባ የሸሸግኩት እርሾ ክዳኑን ወርውሮ ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ የማዳምን አዲስ መጋረጃ ሳይቀር አዳርሶታል። ሽታውስ አይነሳ!

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ማዳም። እርሾ በአረብኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። አረብኛዬ ገና "አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጨርሻለሁ" ከሚለው አላለፈም። አስቤ አስቤ "ኡሙል ኹብዝ" አልኩ፤ የእንጀራ እናት ማለቴ ነው። እናንተ ሳቁ፤ በኛ ቋንቋ የእንጀራ እናት ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ባባ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ "የዳቦ እናት ተቆጥታለች" ብሎ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ሁሉም ሳቁ። እኔም እስኪነጋ ግድግዳ ሳጥብ አደርኩ።

ነገሩ የሆነው በ2012 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ በለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሪያድ ከገባሁ ስምንት ወር ገደማ ሆኖኝ ነበር፤ እንጀራ ከበላሁም እንደዚያው ስምንት ወር።

ማዳም እርሾውን አልከለከለችኝም። "ሁለተኛ እንዳይፈነዳ፣ ሁለተኛ እንዳይሸት" አለች እንጂ። ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እርሾ ሲቦካ ጋዝ ያወጣል። አጥብቀሽ ከከደንሽው ይፈነዳል፤ ክፍቱን ከተውሽው ይሸታል፣ ዝንብም ይገባበታል። ሁለት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁና ዶሮ ስበልት የማደርጋት ስስ የላስቲክ ጓንት ላይ ዓይኔ አረፈ። አንዷን አንስቼ በጠርሙሱ አንገት ላይ አጠለቅኳትና በላስቲክ አሰርኳት። ጋዙ ቀስ እያለ እንዲወጣ ደግሞ የአንዷን ጣት ጫፍ በመርፌ ነካ አደረግሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጓንቷ ተነፍታ፣ አምስት ጣቷን ዘርግታ ቆማ አገኘኋት። ልክ ክፍል ውስጥ "እኔ! እኔ!" እንደሚል ተማሪ እጇን አንስታለች። ፍንዳታ የለም፣ ዝንብ የለም፣ ሽታውም ቀንሷል። ደግሞ ያላሰብኩት ጥቅም ተገኘባት። ቆይቼ ሊጡንም በአምስት ሊትር የውኃ ጠርሙስ ማቡካት ስጀምር፣ ጓንቷ ቀጥ ብላ ከቆመች ሊጡ ገና እየፈላ ነው፤ ጣቶቿ መልሰው ዘንበል ዘንበል ካሉ አብሲት ለመጣል ጊዜው ደርሷል። ሰዓት ሆነችኝ። የአራት ዓመቱ ትንሹ ልጅ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ሲገባ ከእኔ በፊት ለእሷ "ሰባሕ አል-ኸይር!" ይላታል፤ እጇን አንስታ ስለምትጠብቀው።

ስለ እንጀራው ራሱም ጥቂት ላውራ፤ ከኛ መሀል ይህን ያልሞከረች ስለሌለች። ጤፍ ከአገር እንዳይወጣ መንግሥት በ2006 ከልክሎ ስለነበር፣ ሰው በሻንጣው ሸሽጎ ያመጣት አንድ ኪሎ ለበዓል ትቀመጥ ነበር። ያለን ፊኖ ዱቄትና የሩዝ ዱቄት ነው፤ ባጥሃ ገበያ የሚሄድ ሰው ከተገኘ ደግሞ የማሽላ ዱቄት። ምጣድ የለም፤ ቴፍሎን መጥበሻ አለ። አክንባሎ የለም፤ የድስት ክዳን አለ። የመጀመሪያዎቹ አምስት እንጀራዎቼ ዓይን አልነበራቸውም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆሜ ሳያቸው ነው። የድስቱ ክዳን ጠፍጣፋ ስለሆነ እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ መልሶ እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ የምትከድንበት አክንባሎ ግን ሾጣጣ ነው፤ ውኃው በጎንና በጎን ተንሸራትቶ ዳር ላይ ይወርዳል። ስንት ዘመን ከሥሩ ተቀምጬ ጭስ ስጠጣ፣ ያ ቅርጽ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር! ክዳኑን በወፍራም ፎጣ ጠቀለልኩት፤ ፎጣው ውኃውን ጠጣ፤ ዓይኑ ወጣ። ያን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፣ በእጄ አፌን ይዤ።

ከዚያ ወዲህ የእኛን ሴቶች ብልሃት መቁጠር ልማድ ሆነብኝ። አንዷ ጓደኛዬ ጀበናዋ በጋዝ ምድጃው ላይ አልቆም ብሎ ሲንከባለልባት የቱና ጣሳ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጣ ማቶት ሠራችለት። ሌላዋ የአባያ መስቀያ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ደርድራ ጣራ ላይ ቋንጣ ትሰቅላለች። የሪያድ የሐምሌ ፀሐይ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በሁለት ቀን አድርቆ ይሰጣታል። የአንዷ ደግሞ ይበልጣል፤ ስልኳን የእንቁላል ካርቶን ላይ አቁማ፣ ልብስ እየተኮሰች ከልጇ ጋር የቤት ሥራ ትሠራለች። ልጁ ወልድያ፣ እሷ ሪያድ፤ መሀላቸው የእንቁላል ካርቶን።

የቤቱ ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ዲዛይን ትማር ነበር። አንድ ቀን ጓንቷን በስልኳ እያነሳች አገኘኋት። ለትምህርቷ "በቤታችሁ ያለ ብልህ ነገር አምጡ" ተብለው ታዘው ኖሯል። ሌሎቹ ውድ የቡና ማሽን፣ ከጣሊያን የመጣ ወንበር ይዘው ሲሄዱ እሷ የእኔን ጓንት አቀረበች። ማታ ስትመለስ ወጥ ቤት ገብታ፣ "አስተማሪዬ የሠራው ሰው ስም ይጻፍ አለችኝ፤ ትክክለኛ ስምሽ ማነው?" አለችኝ። ማዳም ስሜ ስለከበዳት መጀመሪያ በገባሁበት ቀን ሌላ ስም አውጥታልኝ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ ይሄን። ስሜን ነገርኳት። ሦስት ጊዜ አስደግማኝ በአረብኛ ፊደል ጻፈችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው በስሜ ይጠራኝ ጀመር።

ከሷ ብዙ ተማርኩ። ማታ ማታ ስተኩስ አጠገቤ ቁጭ ብላ የምትማረውን ታወራኛለች። አንድ ምሽት ባባ በሳምንት የሚለብሳቸውን ነጫጭ ቶቦች ስተኩስ፣ "ይህ የካውያ ጠረጴዛ ጫፉ ለምን እንደጠበበ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። እጅጌ እንዲገባበት መሆኑን አውቃለሁ፤ ማን እንዳሰበው ግን አላውቅም። ሣራ ቡን ትባላለች አለችኝ። አሜሪካ ውስጥ፣ ሰሜን ካሮላይና በባርነት የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። ኋላ ኒው ሄቨን በሚባል ከተማ ልብስ ሰፊ ሆነች። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ሁለት ወንበር ላይ ሳንቃ ጋድሞ ነበር የሚተኩሰው። የሴቶች ቀሚስ እጅጌና ወገብ ደግሞ በሳንቃ ላይ አይስተካከልም፤ ይጨማደዳል። ሣራ ጠባብና ጎበጥ ያለ ሰሌዳ ሠራችለትና ኤፕሪል 26 ቀን 1892 የፈጠራ መብቷን በመንግሥት አስመዘገበች። ማንበብና መጻፍ የተማረችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ነው ይባላል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ካውያው እንደ ድሮው አይከብደኝም ብል ውሸት ነው፤ ይከብደኛል። ግን ጠረጴዛውን ስዘረጋ "ሣራ፣ እንደምን አመሸሽ" እላታለሁ።

የሳህን ማጠቢያውን ማሽን ታሪክ ስትነግረኝ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጆሴፊን ኮክሬን የምትባል የኢሊኖይ እመቤት ናት የሠራችው፤ ፓተንቱን ያገኘችው በዲሴምበር 1886 ነው። ለምን ሠራችው? ሠራተኞቿ ስለደከሙ አዝናላቸው አይደለም። ሲያጥቡ ያማሩ ሸክላዎቿን እየሸረፉባት ተናድዳ ነው! እንግዲህ ሁለቱን ሴቶች አስተያዩአቸው። አንዷ ሥራውን በገዛ እጇ ስለምታውቀው ሠራች፤ ሌላዋ ሳህኑ አሳዝኗት ሠራች። ሁለቱም ግን ለእኛ እጅ ጠቀሙ።

ቡናውም ላይ ይኸው ነው። የሳውዲዎቹን ደላ ልብ ብላችሁ ካያችሁት ቅርጹ የጀበናችን ዘመድ ነው። ድሮ በደላው አፍንጫ ላይ የዘንባባ ጭረት ይወትፉበት ነበር፤ ሂሉና አተላው እንዳይወርድ። እኛም ጀበናችን አፍ ላይ የፈረስ ጭራ እንወትፋለን። ጀርመን አገር ደግሞ ሜሊታ ቤንትስ የምትባል የቤት እመቤት በ1908 ቡናዋ ውስጥ አተላ ሰለቻትና ከልጇ ደብተር ላይ ቀለም መጥመጫውን ወረቀት ቀድዳ፣ የነሐስ ቆርቆሮ በስታ፣ በዚያ አጠለለችው። የወረቀት ማጥለያው ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ አለ፤ የንግድ ስሙም የሷው ስም ሆኖ ቀርቷል። ዘንባባ፣ ጭራ፣ ወረቀት፤ ሦስቱም ስፍራ ያሰበው ቡናውን የሚያፈላው ሰው ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚያሳርፍ ብልሃት ነው። አሁን ስለ ሌላው ብልሃት፣ ስለ ማስታወቂያ ላውራ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

ማስታወቂያ ለኛ ሴቶች አዲስ ነገር አይደለም። አገራችን ሳለን የሱቁ ግድግዳ ላይ "ዱቤ ለዛሬ የለም፤ ነገ ይመለሱ" የሚለውን አንብበን ስቀናል። እናቴ የምትጋግርበት ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ የተሠራው ምድጃ ስሙ "ምርጥ" ነው፤ የከሰሉ ምድጃ ደግሞ "ላቀች"። ስሞቹ ራሳቸው ማስታወቂያ ናቸው። ያወጣላቸው ሰው ሴቶች ገበያ ላይ ሲጠያየቁ ሰምቶ መሆን አለበት። "ላቀች አለሽ?" ብሎ መጠየቅ ዕቃ መጠየቅ አይመስልም፤ ስለ ጎበዝ ጎረቤት ማውራት ነው የሚመስለው። ደግሞም አልዋሹም። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል፤ እናቴ ራሷ መስክራለች። ጥሩ ማስታወቂያ ማለት ለእኔ ይኸ ነው፤ ያለውን ነገር ባጭር አማርኛ መናገር።

በኤፕሪል 2013 ያቺው ዲዛይን የምትማር ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ኒቃብ የለበሰች ሴት ናት። የሚታየው ሁለት ዓይኗ ብቻ ነው። አንደኛው ዓይን ዙሪያው ጠቁሮ አብጧል፣ ተመታለች። ከሥሩ በአረብኛ "ወማ ኸፊየ ካነ አዕዘም" ይላል፤ የተደበቀው ከሚታየው ይብሳል ማለት ነው። በኛ "ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው" እንደምንለው። ያወጣው ኪንግ ኻሊድ ፋውንዴሽን ነው፤ የሠራው ሜማክ ኦጊልቪ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት የሪያድ ቢሮ። በዚህ አገር በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ እንዲህ ፊት ለፊት የወጣ ዘመቻ ከዚያ በፊት አልታየም ነበርና ዓለም ሁሉ አወራለት። ልጅቷ የምታደንቀው አሠራሩን ነበር፤ "ተመልከቺ፣ ልብሱን አልነኩትም፣ ደም አላሳዩም፤ አንድ ዓይን ብቻ" ትለኛለች። እኔ የማየው ሌላ ነው። ያቺን ዓይን ባጥሃ ታክሲ ስጠብቅ አይቻታለሁ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ አይቻታለሁ፤ ፊቷ ግን የኛ አገር ፊት ነበር።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የሳውዲ ካቢኔ ከጥቃት የመጠበቂያ ሕግ አጸደቀ። እህቶቼ፣ ሕጉ ለነሱ ሴቶች ብቻ አይምሰላችሁ። ጥቃት ማለት ምን እንደሆነ ሲዘረዝር ከቤተሰብ ዝምድና ጋር "ከፋላ" የሚለውንም ቃል ጠቅሶታል፤ በከፊልነት ሥልጣኑ ያለፈ ሰውም በዚህ ሕግ ይጠየቃል ማለት ነው። ጥቃት የሚነገርበት ስልክ 1919 ነው። ቁጥሩን በስልካችሁ "አክስቴ" ብላችሁ መዝግቡት።

ያን ፎቶ ካየሁ በኋላ በማስታወቂያ ላይ ዓይኔ ተከፈተ። ስለራሴ ማስታወቂያም ማሰብ ጀመርኩ። አዎ፣ እኔም ማስታወቂያ ነበርኩ። አዲስ አበባ እያለሁ አንድ ኤጀንሲ ሰማያዊ ሸሚዝና ነጭ ሽርጥ አልብሶ ፎቶ አንስቶኛል። ሽርጡ የሁላችንም ነበር፤ አንዷ ተነስታ ስታወልቅ ሌላዋ ትለብሰዋለች። "ፈገግ በይ፣ ግን ጥርስሽ አይታይ" ተብያለሁ። ዕድሜዬ 19 ነበር፤ ወረቀቱ ላይ 25 ሆነ። ከቤት ውጭ ሠርቼ አላውቅም፤ ወረቀቱ ላይ የሁለት ዓመት ልምድ አለኝ። ቁመቴ፣ ክብደቴ፣ ሃይማኖቴ፣ ልጅ መውለድ አለመውለዴ ሁሉ ተዘርዝሯል። ምን እንደምወድ፣ ምን እንደማልችል፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚደክመኝ የሚጻፍበት መስመር የለም። ያቺ ልጅ አንዴ፣ "እናቴ ካሥራ ምናምን ሴት አንቺን የመረጠችው ፊትሽ የተረጋጋ ስለሆነ ነው" አለችኝ፣ ልታስደስተኝ። ፊቴ የተረጋጋው ስለፈራሁ ነበር።

ስልኩ ሲሠለጥን ነገሩ ባሰ። በ2019 ቢቢሲ በኩዌት በድብቅ ባደረገው ምርመራ የቤት ሠራተኞች በስልክ መተግበሪያና በኢንስታግራም፣ እንደ መኪናና እንደ ቴሌቪዥን ዋጋ ተለጥፎባቸው ሲሸጡ አሳየ። ሳውዲ ውስጥም እንዲህ ያለ ማስታወቂያ እንዳለ አገኘ። "ለዝውውር" ይላል ጽሑፉ። ቃሉ ለስለስ ያለ ነው፤ ማስታወቂያ ሠሪው ሥራውን ያውቃል።

እዚህ ላይ ብቆም ጽሑፌ ያምርልኝ ነበር። ጥፋተኛው ኤጀንሲው፣ ደላላው፣ አፕሊኬሽኑ ሆኖ ይቀራል። ግን የቀረ አንድ ማስታወቂያ ሠሪ አለ።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። ከአገር ስወጣ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን 18 ሞልቷታል። "እታለም፣ ልመጣ ነው" አለችኝ። ልቤ ድው አለ። "በምን?" አልኳት። "በጅቡቲ። ሰውዬው አሁን ሂጂ፣ ደርሰሽ ክፈይ ነው የሚለው።" ቲክቶክ ላይ አይታው፣ ከዚያ ከተማ ድረስ መጥቶ አነጋግሯቸዋል። ደርሰሽ ክፈይ! እንዴት ያለ ጥሩ ማስታወቂያ ነው! ሁለት ቃል። ባሕሩ የለበትም፣ የየመን በረሃ የለበትም፣ መንገድ ላይ አግተው ቤተሰብ ብር እስኪልክ መግረፋቸው የለበትም። ጮህኩባት። ለመንኳት። "የኔ እናት፣ እኔ በአውሮፕላን፣ በኢቃማ መጥቼ እንኳ ስንት አየሁ" አልኳት። እሷ ግን ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ነገር ተናገረች፦

"አንቺ ተመችቶሽ የለም እንዴ? ፎቶሽን አይደል የማየው?"

ስልኩን ዘግቼ ለአሥራ ሦስት ዓመት የላክኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየሁ። ኪንግደም ታወር ፊት ለፊት ቆሜ፤ ያ 302 ሜትር የሚረዝመው፣ አናቱ እንደ ጠርሙስ መክፈቻ የተቦደሰው ሕንፃ። ወደዚያ የሄድነው የማዳምን ልጆች ልጠብቅ ነው፤ ልጆቹን ከፎቶው አስወጥቻቸዋለሁ። የወርቅ አምባር አድርጌ፤ አምባሩ የጓደኛዬ ነው፣ በዒድ ቀን አምስታችንም በየተራ ተነስተንበታል፤ ልክ እንደ ኤጀንሲው ሽርጥ። ትልቅ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፤ ቤተሰቡ ጅዳ ሄዶ ነበር፣ ሶፋው ላይ የተቀመጥኩት ፎቶው እስኪነሳ ብቻ ነው። ሁሉም ላይ ፈገግ ብያለሁ። ጥርሴ አይታይም።

ለእናቴ እንዳታስብ ብዬ ነበር የላክሁት። ለጎረቤት ደግሞ... ለጎረቤትስ ለኩራት ነው፣ ልዋሽ አልችልም። እህቴ ግን እኔን የምታውቀኝ በነዚያ ፎቶዎች ብቻ ነው። ደላላው የተናገረው ሁለት ቃል ነው፤ ቀሪውን ማስታወቂያ በነጻ የሠራሁለት እኔ ነኝ።

ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። በምክር እንደማይሆን ገብቶኛል፤ ምክር ከስንቱ ሰምታለች። ያ የኒቃብ ፎቶ ትዝ አለኝ። ሰዎቹ ንግግር አላበዙም፤ የተደበቀውን በአንድ ዓይን አሳዩ እንጂ። እኔም አንድ ቀን ሙሉ ፎቶ ሳነሳ ዋልኩ። ፊቴን አላነሳሁም። መጀመሪያ የወጥ ቤቱን ሰዓት አነሳሁ፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ይላል። ቀጥሎ የሚተኮሰውን የልብስ ክምር። ቀጥሎ መስኮት የሌላትን ክፍሌን፣ ከነማጠቢያ ማሽኑ። ቀጥሎ ማታ ሥራ ስጨርስ ያንኑ ሰዓት፤ ከሌሊቱ ስድስት ሊሆን አሥር ጉዳይ። መጨረሻ ላይ እጄን አነሳሁ፤ መዳፉን ሳይሆን ጀርባውን፣ በክሎሪን የተላጠውን። ከሥሩ የጻፍኩት "ይሄም እኔ ነኝ" የሚል ብቻ ነው። የጓንቷንም ፎቶ ጨመርኩበት፤ ሁሉንም ጨለማ ባደርገው ያም ውሸት ስለሚሆንብኝ። የምስቅበትም ቀን አለ፤ ደመወዜም ይገባል፤ የቤታችን ቆርቆሮና የእናቴ መድኃኒት ከዚሁ እጅ ነው የወጣው።

ሁለት ቀን መልስ አልሰጠችኝም። በሦስተኛው ቀን "ታዲያ ለምን አትመጪም?" ብላ ጻፈች። ይህን ጥያቄ ከሷ በፊት የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ እሷ የትምህርት ቤት ክፍያ ነገርኳት። በሁለት ዓመት ልጨርስ እንደማስብም ነገርኳት። ይህንም ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ከሳምንት በኋላ ደላላው እቤት መጣ። እህቴ ፎቶዎቹን አሳየችው። አየት አድርጎ፣ "ይሄ ሳውዲ አይደለም፣ ሌላ አገር ነው፤ ከኢንተርኔት የወረደ ነው" አላት። እናቴ ጓዳ ነበረች። ስልኩን ተቀብላ ቀረብ አድርጋ አየችው። በግራ እጄ አውራ ጣት ሥር ጠባሳ አለኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ምጣድ ያቃጠለኝ። እናቴ ራሷ ናት ማር የቀባችልኝ።

"አገሩን አላውቀውም" አለችው፤ "እጁ ግን የልጄ ነው።"

ሰውዬው ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ አሉ።

እህቴ አሁን እዚያው ናት። ሐሳቧን ጨርሳ ቀይራለች አልላችሁም። ሥራ የለም፣ ኑሮ ተወዷል፣ ጓደኞቿ ሁለቱ ሄደዋል፤ ደላላውም ከተማውን አልለቀቀም። "ከመጣሁ በሕጋዊ ነው" ብላኛለች። እኔም ይህን ከአፏ ከሰማሁ በኋላ ውል ምን መምሰል እንዳለበት፣ ፓስፖርት ማን እጅ መቀመጥ እንዳለበት፣ የሳምንት እረፍት መብት መሆኑን በየሳምንቱ እነግራታለሁ። ትጠይቀኛለች። ድሮ ስለ ሽቶና ስለ ስልክ ነበር የምትጠይቀኝ።

ውድ እህቶቼ፣ ፎቶ አትላኩ አልልም። ወርቁንም ተዋሱ፣ ሕንፃውም ጋ ቁሙ፤ ዓመት ሙሉ የለፋ ሰው አንድ ቀን ማማር አይነፈገውም። ግን ከአምስቱ ፎቶ አንዱ የእጃችሁ ይሁን። አገር ቤት ስልኩን ይዛ የምታይ አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አለች።

ብልሃታችሁንም ለመጽሔታችን ጻፉልን፤ ስለ ምጣዱ፣ ስለ ጀበናው፣ ስለ ሊጡ። ስማችሁን አትርሱ፤ ማዳም ያወጣችላችሁን ሳይሆን እናታችሁ ያወጣችላችሁን።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ማታ ነው። ነገ እረፍቴ ነው፤ አራት ሆነን እንጀራ ልንበላ ተቀጣጥረናል። ጓንቷ ጠዋት ቀጥ ብላ ቆማ ነበር፤ አሁን ሄጄ ሳያት ጣቶቿ ዘንበል ብለዋል። አብሲት ልጣል።